«አምስት ደቂቃ ብቻ» ስለተባለው ሐኪም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ የጥርስ ንጽህና ተማሪዎች በሚለማመዱበት ክሊኒክ ስለገጠማቸው ነገር የጻፉትን አነበብኩ። ጥርሳቸውን ለማሳጠብ ሄደው ሦስት ሰዓት ያህል መቀመጣቸውን፣ ተማሪዋ በየመሀሉ እጇን አንስታ ሐኪም ስትጠብቅ መቆየቷን፣ ሐኪሙም ሲመጡ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ብለው መሄዳቸውን ገልጸዋል። «ታዲያ ያ ሐኪም ምን ሲሠራ ነው የሚውለው?» የሚለው ጥያቄያቸው ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ሥራዬ ያ ነውና እኔ ልመልስ።

ሳምንቱን አራት ቀን በራሴ ክሊኒክ ታካሚ አያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን፣ ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ በትርፍ ሥራ ተቆጣጣሪ ሐኪም ሆኜ በአምስት ወንበሮች መካከል እመላለሳለሁ። በእያንዳንዱ ወንበር አንድ ታካሚ ተኝቷል፣ ከጎኑ አንድ ተማሪ አለ። አንዱ ጋ ስሆን አራቱ ይጠብቁኛል። አንባቢው ሰዓቱ ረጅም ነው ማለታቸው እውነት ነው፤ በግል ክሊኒክ ልምድ ያለው እጅ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ፣ ተማሪ በሦስት ሰዓት ከጨረሰው ጎበዝ ነው። የተሳሳቱት አምስት ደቂቃዋን ትንሽ አድርገው ማየታቸው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሳቸው ያላነሱት ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ተማሪዋ ያለ እኔ ፊርማ የማታልፋቸው ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት ነው። ታካሚው ምን ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል፣ ደም የሚያቀጥን ነገር አለ ወይ፣ የልብ ቫልቭ ተቀይሮለታል ወይ፣ ስኳር አለበት ወይ፣ ደም ግፊቱስ ስንት ነው? ብዙ ታካሚዎች ጥርስ ለማሳጠብ መጥተው ክንዳቸው ላይ የግፊት መለኪያ ሲታሰር ይገረማሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለክታ 190 በ115 አገኘች። መለኪያው የተበላሸ መስሏት በሌላ ክንድ ለካች፤ ያው ሆነ። ታካሚው ምንም አልተሰማውም፤ «እኔ ለጥርሴ ነው የመጣሁት» እያለ ነበር። 180 በ110 ከደረሰ አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ አይጀመርም፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ጥርሱ ሳይነካ ወደ ሐኪም ላክነው። ተማሪዋ ያን ዕለት አንድም ጥርስ አላጸዳችም፤ እኔ ግን የተግባር ፈተናዋን ያለፈችው ያን ዕለት ነው እላለሁ።

ሁለተኛው የድድ ልኬት ነው። ፕሮብ የምንለው፣ ጫፉ ድቡልቡል፣ በሚሊ ሜትር የተሰመረ ቀጭን ዘንግ በድዱና በጥርሱ መካከል እየገባ በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። 28 ጥርስ ያለው ሰው 168 ቁጥር ይመዘገብለታል ማለት ነው። ከ1 እስከ 3 ጤናማ ነው። 4 ሲባል ጆሮ ይቆማል። 6 እና 7 ከሆነ ከጥርሱ ስር አጥንት እየሸሸ መሆኑን ኤክስሬዩ ላይ እፈልጋለሁ። አንባቢው ተማሪዋ «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለች ቁጥር ስትጠራ ሰምተው ይሆናል። እኔ ስመጣ 168ቱንም እንደገና አልለካም። ተማሪ የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ስለማውቅ በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ወደ መጨረሻው መንጋጋ ጀርባ፣ ሁለት መንጋጋዎች ወደሚነካኩበት ጠባብ ቦታ፣ የመንጋጋው ስሮች ወደሚለያዩበት መንታ። ከላይ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ መንጋጋ በተለይ አልዘልላትም። ስሯ ከክራንቻው በኩል ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ አለው፤ ታርታር፣ ማለትም ጥርስ ላይ ደርቆ የጠነከረው ቆሻሻ፣ እዚያ ሲደበቅ ዓይን አያገኘውም፣ የተማሪ እጅም አልፎት ይሄዳል። አምስት ደቂቃዋ የምትሄደው በእነዚህ ቦታዎች ነው። አፍ ውስጥ መስታወት ይዤ ዝም ካልኩ ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ እያዳመጥኩ ያለሁት በጣቴ ነው። ከድድ በታች ያለ ታርታር አይታይም። ኤክስፕሎረር የተባለው ቀጭን መሣሪያ ጫፍ ስሩ ላይ ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ ያ ንዝረት በዘንጉ በኩል ጣት ላይ ይደርሳል። ተማሪዎቼን አንዳንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሞዴል ጥርስ ላይ ሞክሩት የምላቸው ለዚህ ነው።

ማስተማሩ ግን ከምንም በላይ ያለው እጅ ላይ ነው። አንባቢው «እጇን ይዘው የሆነ ነገር አሳዩዋት» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር፣ ለእኔ የቀኑ ዋና ሥራ እሱ ነው። ኪዩሬት፣ ማለትም ታርታር የምንፍቅበት ባለ ስለት መሣሪያ፣ የሚያዘው እንደ ብዕር ነው፤ ነገር ግን የመሀል ጣት ጫፍ ከመሣሪያው አንገት ላይ ማረፍ አለበት፣ የቀለበት ጣት ደግሞ ጥርስ ላይ ተተክሎ ምሰሶ ይሆናል። ምሰሶው ከተነቃነቀ ስለቱ ይስታል፣ ድድ ይቆርጣል። ስለቱ ወደ ድዱ ሲገባ ከጥርሱ ጋር ተኝቶ ይገባል፤ ከታች ሲደርስ ይከፈትና ከ45 በላይ፣ ከ90 ዲግሪ በታች ሆኖ ወደ ላይ ይስባል። ጉልበቱ ከጣት ሳይሆን ከእጅ አንጓና ከክንድ ነው የሚመጣው። በጣት የሚፍቁ ተማሪዎች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጃቸው ይዝላል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ አንጓቸው ይታመማል። እዚህ ሙያ ውስጥ በአንገት፣ በጀርባና በእጅ ሕመም ሥራቸውን ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተማሪ ጎብጣ ሳይ ታርታሩን ከማየቴ በፊት ወንበሯን አስተካክላለሁ።

ስለ ስለትም አንድ ነገር ልበል፤ ታካሚ የማያውቀው ግን በአፉ የሚከፍለው ነገር ስለሆነ። ተማሪ መሣሪያዋ ሲደነዝዝ አይታወቃትም፤ የሚታወቃት ታርታሩ እንቢ ማለቱ ነው። ስለዚህ ታፈጥናለች፣ ትጫናለች። የደነዘዘ ስለት ታርታሩን ከማንሳት ይልቅ ላዩን እየዳመጠ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ኤክስፕሎረር ሲሄድበት ጤናማ ስር ይመስላል። ተማሪዋ «ጨርሻለሁ» ትላለች፣ ከልቧ ነው። «መሳያ ድንጋዩን አምጪና እዚሁ አብረን እንሳል» ስላት ታካሚው ሰዓቱን ያያል። አዎ፣ ያቺ አሥር ደቂቃ ከአንባቢው ሦስት ሰዓት ውስጥ ነች። ግን ያለ እሷ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ግራ እጇን የምትጠቀም ተማሪ ነበረችኝ። ወንበሩ፣ የመሣሪያ ጠረጴዛው፣ የመምጠጫው ቱቦ ሁሉ የተሰደረው ለቀኝ እጅ ነው። የቀኝ እጅ ሰው ከታካሚው ራስ ዙሪያ በሰዓት ቁጥር ከ8 እስከ 12 ባለው በኩል ይቀመጣል፤ እሷ ከ12 እስከ 4 ባለው በኩል መቀመጥ ነበረባት። ከእኔ በፊት ያስተማሯት ሰው «ቀኝሽን ልመጂ» ብለዋት አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት በቀኝ እጇ ታግላለች፤ ታካሚ ታሳምማለች የሚል ስምም ወጥቶላት ነበር። ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ጎን አዞርን። እኔ ግራ እጄን ስለማልጠቀም ትይዩዋ ተቀምጬ፣ እሷ እንደ መስታወት እንድታየኝ አድርጌ አሳየኋት። በአንድ ወር ውስጥ ከክፍሏ ቀላል እጅ ካላቸው አንዷ ሆነች። አሁን ተመርቃ ትሠራለች። እንዲህ ያለ ነገር በፈተና ውጤት ላይ አይታይም፤ የሚታየው አጠገቧ ቆሞ እጇን ላየ ሰው ብቻ ነው።

አንባቢው «እንደ ልጅ ሃያ ደቂቃ ጥርስ መፋቅ ስታስተምረኝ ቆየች» ብለው ቅር መሰኘታቸውን ጽፈዋል። በዚህ እንኳ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቻቸው ዴንማርክ ውስጥ ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት አካባቢ ወደ ጤናው ተመለሰ። እኛ ሦስት ሰዓት የለፋንበት ድድ ታካሚው ቤቱ ገብቶ ካልያዘው በሦስት ሳምንት ይቆጣል ማለት ነው። ተማሪዋ ጥርሳቸውን ቀለም ቀብታ የቀረውን ቆሻሻ በመስታወት ካሳየቻቸው፣ ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠውን ሰጥታቸዋለች።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

በዚህ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ማምሻውን፣ አንድ ተማሪ የመጨረሻውን ፍተሻ ጠየቀኝ። ታካሚው ደክሞታል፣ ክሊኒኩ ሊዘጋ ነው፣ ሁለት ሌሎች ተማሪዎችም እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። የፊቱን ጥርሶች አየሁ፤ ያምራሉ። ከታች የግራውን የመጨረሻ መንጋጋ ጀርባ ግን በኤክስፕሎረር አልነካሁትም። ፈረምኩ። በአሥረኛው ቀን ሰውየው ጉንጩ አብጦ ተመለሰ። ላይ ላዩ ሲጸዳ ድዱ የጥርሱ አንገት ላይ ተሰብስቦ ጠበቀ፤ ከታች የቀረው ታርታር ዙሪያ የነበረው ኢንፌክሽን መውጫ አጥቶ መግል ያዘ። መግሉን አፍስሼ፣ የቀረውን ታርታር ራሴ አወጣሁት፤ ዳነ። ተማሪው ይቅርታ ሲጠይቀኝ በጣም አፈርኩ። እሱ እየተማረ ነው፤ ቦታውን መንካት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልነካሁት ቦታ ላይ አልፈርምም፤ ሰው ቢቆጣም፣ ሰዓት ቢሄድም። አንባቢው ሲጠብቁ የቆዩት ሐኪም ሌላ ወንበር ላይ ይህንኑ እያደረጉ እንደነበር እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

ነገር ግን በጥንቃቄ ብቻ የማይፈታ ችግር አለ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። የጥርስ ንጽህና ተማሪዎችን በክሊኒክ ከምናስተምረው ብዙዎቻችን በሳምንት አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን የምንመጣ ነን። የማክሰኞው ሐኪምና የሐሙሱ ሐኪም አይተዋወቁም። ማክሰኞ «ገና ታርታር አለ፣ ቀጥይ» የተባለች ተማሪ፣ ሐሙስ በዚያው ዓይነት ጥርስ ላይ «በቃ፣ ስሩን እየላግሽው ነው» ትባላለች። ማክሰኞ 5 የተባለ ኪስ፣ ማለትም በድዱና በጥርሱ መካከል የምንለካው ክፍተት፣ ሐሙስ 3 ይሆናል። ተማሪዎቹ ብልህ ናቸውና እውነቱን መፈለግ ትተው የቀኑን ሐኪም ማንበብ ይጀምራሉ። አንዷ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የእያንዳንዳችንን ምርጫ ጽፋ አየሁ፤ እከሌ ቁጥር ከፍ ሲል አይወዱም፣ እከሌ ድድ መድማቱን ሳይጠይቁ አያልፉም፣ የሐሙስ ዶክተር መንጋጋ ጀርባ ይሄዳሉ። ያቺ ልጅ ጥፋት አልሠራችም። ይህን እንድታጠና ያደረግናት እኛ ነን። የታካሚው ኪስ ጥልቀት ግን በሐኪሙ አይለወጥም።

አንድ ጊዜ አራት ተቆጣጣሪዎች በራሳችን ጊዜ፣ ያለ ክፍያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተገናኘን። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ባልደረባችን ወንበሩ ላይ ተኛልን፤ አራታችንም አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ተራ በተራ ለካነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚጠበቅ ነው፤ እጅ ማሽን አይደለም። ነገር ግን አንድ መንጋጋ ላይ እኔ 3 የጻፍኩትን ሌላው 5 ጽፎታል። ተከራከርን፤ ከዚያ አንዳችን የሌላችንን እጅ ማየት ጀመርን። እኔ ጥርሶቹ በሚነካኩበት ቦታ ፕሮቡን ቀጥ አድርጌ ነው የማስገባው። ባልደረባዬ በትንሹ አዘንብሎ ከመነካኪያው በታች ወደ መሀል ይገባል፤ ኪሱ ጥልቅ የሆነው እዚያ ነው። እሱ ልክ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ተማሪ እንዳስተማርኩ አስቡት! እሱ በበኩሉ ጫናው በዝቶ ተገኘ። ትንሽ ሚዛን አምጥተን እያንዳንዳችን ፕሮቡን እንደለመድነው ጫንነው፤ መሆን ያለበት ከ20 እስከ 25 ግራም አካባቢ ነው፣ የእሱ እጥፍ አለፈ። ድድ ሲቆጣ ስለሚላላ እንዲህ ያለ ጫና ፕሮቡን ከኪሱ ወለል አልፎ ሥጋ ውስጥ ያስገባዋል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አራታችንም በየክሊኒካችን በዓመታት ያላየነውን አየን። የሚቀጥለው ሐሙስ ያቺን ባለ ማስታወሻ ተማሪ ጠርቼ ፕሮቡ እንዴት እንደሚዘነብል እንደገና አሳየኋት፤ ከዚህ በፊት ያሳየኋት ስህተት መሆኑንም ነገርኳት።

ያን ስብሰባ ሁለተኛ ጊዜ ማድረግ አልቻልንም። አንዱ ማታ ክሊኒኩ ታካሚ አለው፣ ሌላዋ ልጆች አሏት፣ የትምህርት ክፍሉም «በጀት የተያዘው ለክሊኒክ ሰዓት ብቻ ነው» አለን። እኛ የሚከፈለን ታካሚ ወንበር ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። የተማሪን መዝገብ የማነብበት፣ ከማክሰኞው ሐኪም ጋር የምነጋገርበት፣ እጃችንን የምናስተካክልበት ሰዓት ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ለአስተዳዳሪዎች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ በየወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ በመሀሉ ደግሞ ሁለት ሰዓት፣ ተቆጣጣሪዎች ሁሉ አንድ አፍ ላይ አብረው የሚለኩበት ጊዜ ከነክፍያው ይያዝ። አዲስ መሣሪያ ከመግዛት የሚቀንስ ወጪ ነው።

በትርፍ ጊዜ የሚያስተምር ሐኪም ይቅር የሚሉም አሉ፤ ቋሚ መምህራን ብቻ ይያዙት ይላሉ። አልስማማም። ይህ ሙያ ሲወለድ እንኳ ያስተማረው ታካሚ የሚያይ ሐኪም ነበር። አልፍሬድ ፎንስ በአሜሪካዋ የብሪጅፖርት ከተማ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1906 ረዳታቸውን አይሪን ኒውማንን የታካሚዎችን ጥርስ ማጽዳት አስተማሯት፤ በ1913 ደግሞ የመጀመሪያውን የጥርስ ንጽህና ትምህርት ቤት በራሳቸው ጋራዥ ውስጥ ከፈቱ። ሰኞ በራሴ ክሊኒክ ያየሁትን ያልተለመደ ድድ ሐሙስ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ተማሪዎቼ በሚጠይቁኝ ጥያቄ ደግሞ ዓርብ ዕለት የራሴ ታካሚ ይጠቀማል። ማስተማር ባልጀምር ኖሮ ፕሮብ ማዘንበልን አልማርም ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ ለሚያስቡ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልምከር። መሣሪያውን ከተማሪዋ እጅ ተቀብላችሁ ራሳችሁ መጨረስ ያምራችኋል፤ እናንተ በሁለት ደቂቃ ታነሱታላችሁ፣ ታካሚውም ያመሰግናችኋል። ተዉት። እጃችሁን በእጇ ላይ አድርጉና አንድ ጊዜ አብራችሁ ሳቡ፤ ከዚያ ልቀቁ። ስህተቷንም ታካሚው ፊት አትጥሩ። «ይህችን ቦታ እስቲ እንደገና ስሚያት» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን ታካሚው ከሄደ በኋላ ንገሯት። ታካሚ ፊት የተዋረደች ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ምሰሶ አይተክልም።

አንባቢው ደብዳቤያቸውን ሲጨርሱ ሁለተኛ እንደማይመለሱ ጽፈዋል። እንዲመለሱ እለምናቸዋለሁ። በጥልቀት ከተጸዳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ድዱ ሲረጋጋ ኪሶቹ እንደገና ይለካሉ፤ ተማሪዋም ሥራዋ ድድ መፈወሱን በዓይኗ የምታየው ያን ዕለት ብቻ ነው። ሲመለሱ የበፊቱ ቁጥርና የአሁኑ ጎን ለጎን እንዲነበብላቸው ይጠይቁ፤ መብታቸው ነው። ሐኪሙ ሲመጡ ደግሞ የትኛውን ቦታ እንደነኩ ይጠይቋቸው። እኔን ቢጠይቁኝ ደስ ብሎኝ መስታወት ይዤ አሳያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሐሙስ ሐሙስ ከሚያስተምር አንድ የጥርስ ሐኪም
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)